ልጄን ሳትቆጣ ላከመችልኝ ሲስተር ምስጋናዬ ይድረሳት

ስሟን ያልጻፍኩት ፈቃዷን ስላልጠየቅኳት ነው፤ ለእኔ ቢሆን በየአደባባዩ ብጠራት ደስታዬ ነበር። ስኳር ያለባቸውን ልጆች የምትከታተል ነርስ ናት።

ልጄ ዓይነት 1 ስኳር አለበት። ትንሽ ሳለ የኢንሱሊን መርፌውንም የስኳር ልኬቱንም የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ተግባብተን እንኖር ነበር። ጉርምስናው ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። "ተለካህ?" ስለው በሩን ዘግቶብኝ ይገባል። መርፌ ይዘላል። እኔ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ እንዳይሆን እያልኩ ሌሊት ተነስቼ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ይህን የስኳር ልጅ ያለው ወላጅ ያውቀዋል።

ያኔ የምንሄድበት ቦታ ስሙ ይቅር። ገና ሳንቀመጥ የስኳሩን የሦስት ወር አማካይ ውጤት አይተው ይጮሁበት ነበር። "ዓይንህ ይጠፋል፣ እግርህ ይቆረጣል" ይሉታል፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "እናት ሆነሽ እንዴት አትቆጣጠሪውም?" እንዴት ነህ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ማየቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልሄድም አለ።

ሲስተር ጋር በሰው ጥቆማ፣ በስንት ልመና ወሰድኩት። የስኳር መመዝገቢያ ደብተሩን ተቀብላ ገለጠችው። ገጹ ሁሉ 110፣ 115፣ 120፣ ጥሩ የሚባል ቁጥር ብቻ ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ጊዜ የተጻፈ። እኔ ክው አልኩ። እሷ ረጋ ብላ "ይህን ሁሉ ቁጥር ማሰቡ ራሱ እንዴት ያደክማል! እውነተኛውን ብጽፍ ማን ይቆጣኛል ብለህ ነው የኔ ጌታ?" አለችው። ዝም አለ። ሳትቸኩል ጠበቀችው።

"ሁሉም" አላት።

ባዶ ገጽ ገልጣ ሰጠችውና "እዚህ ላይ ከፍ ብሎ 300 ከሆነም 300 ብለህ ጻፍልኝ። አልቆጣህም። 300ውን ካላሳየኸኝ መድኃኒቱን በምን ላስተካክልልህ?" ልጄ እዚያው አለቀሰ። ስንት ጊዜ ታምቆ የኖረ ለቅሶ ነው!

ከዚያ በጉርምስና የሚመጡት ሆርሞኖች ኢንሱሊኑን ስለሚቋቋሙት፣ እሱ ምንም ሳያጠፋ ስኳሩ ከፍ ሊል እንደሚችል ነገረችው። የኢንሱሊኑን መጠን ስሌት እኔ ዛሬም አይገባኝም። ይህቺን ግን ያዝኩ፦ በሽታው የመጣው የሰውነቱ መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመርተውን የቆሽቱን ክፍል ስላጠቃ ነው፤ ጣፋጭ በልቶ ወይም እኔ ሳልጠብቀው ቀርቼ አይደለም። በፈረንጆች 1922 ካናዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ እንደነበረም አጫወተችው። "የኔ እኩያ!" አለ ልጄ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ስኳር ሲያወራ ድምፁ ሞቅ ሲል የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ለብቻውም አነጋገረችው፤ ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም። ቀጥላ እኔን ጠርታ "እርስዎስ ይተኛሉ?" አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። የሌሊቱን ጥበቃ ከባለቤቴ ጋር በፈረቃ እንድናደርገው ያስማማችን እሷ ናት። የበሽታው ጫና ልጁንም ወላጁንም እንደሚያዝል፣ ከበረታ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት ነውር እንዳልሆነ ነግራን፣ ራሷ አገናኘችን። ዕድሜዋን ያርዝምልኝ!

አሁን ደብተሩ ላይ ከፍ ያለው 280ም አለ፣ ዝቅ ያለው 65ም አለ። ሁሉም የእውነት ነው። መርፌውን ሳይደበቅ ይወጋል፤ ሲደክመው "ዛሬ ሰለቸኝ እማ" ይለኛል፣ አብረን እናደርገዋለን።

ልጃችሁ መለኪያውን የሚደብቅባችሁ፣ መርፌ የሚዘልባችሁ፣ የሚነጫነጭባችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ዝም አትበሉ። ያላችሁበት ቦታ ልጁን የሚያሸማቅቀው ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ኢንሱሊኑ ግን በመሀል እንዳይቋረጥ። ለብቻው የሚያነጋግረው ባለሙያ ጠይቁ፣ እናንተም ስለራሳችሁ ተናገሩ። ሲስተርን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።