ነውረኛውና ነውር የማያውቀው፦ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲገመገም

መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። የቲኬት ዋጋ የለውም፤ በመዋጮ ስለሚደገፍ ግን ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ ይበጃል። ቤቱ ሰፊ አይደለም፣ የቸኮለ ሰው በግማሽ ሰዓት ዞሮት ይወጣል። ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ቶሎ ብሎ ከጅምላ መቃብር የወጣው አጥንትና የራስ ቅል ወዳለበት ያመራል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ግን ልቡ ስለሚሰበር ሰነድ ቆሞ የማንበብ አቅም አይተርፈውም። ስለ መሪዎች ይበልጥ የሚያስተምረው ደግሞ ወረቀቱ ነው።

ስለ ሥልጣንና ግብረ ገብ ሲወራ ሁለት ዓይነት ሰዎች «ጨካኝ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልለው ያልፋሉ። ነውረኛ መሪ ክፉና ደጉን ለይቶ ያውቃል፤ እያወቀ ክፉውን ይሠራል፤ ስለዚህ ይደብቃል፣ ይዋሻል፣ ሰበብ ይደረድራል። ነውር የማያውቀው ግን ክፉ ነው ደግ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሳበትም። የሰው ሞት ለእሱ እንደማንኛውም የቢሮ ጉዳይ ነው፦ ይቆጠራል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። እዚህ ሙዚየም ውስጥ ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ዘዴ ምን እንደተደበቀና ምን በፋይል እንደተያዘ እያስተያዩ መሄድ ነው።

ጉብኝቱን ከውጭ መጀመር ይሻላል። ደጃፍ ላይ ካለው የሦስት ሴቶች ሐውልት አጠገብ ሆናችሁ ወደ አደባባዩ ዙሩ። ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሕዝብ ፊት የሰበረው እዚያው ነው። «ይህ ሰው ነውር አያውቅም» ለማለት ያስቸኩላል። ግን ልብ በሉ፣ ንግግሩ ሰበብ ነበረው፤ ቀይ ሽብር «ለነጭ ሽብር»፣ ማለትም ተቃዋሚው ኢሕአፓ ይፈጽመዋል ለተባለው ግድያ፣ የተሰጠ መልስ ነው ይባል ነበር። ሰበብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚሠራው ነገር ሰበብ እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ትርኢቱ ከንጉሡ መውደቅ ይነሳል። እዚህ ጋ ቶሎ አትለፉ። ደርግ ንጉሡን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሊያወርድ ሲል፣ በዋዜማው ምሽት የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን ለቀቀ። ረሃብን መደበቅ ዙፋን የሚያስለቅቅ ወንጀል መሆኑን የነገረን ራሱ ነው ማለት ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ ሰሜኑ እየተራበ የአብዮቱን በዓል በድግስና በሰልፍ ሲያከብር ግን ረሃቡን ከእንግዶቹ ሸሸገ። አላወቅሁም ሊል አይችልም፤ ክሱን የጻፈው እሱ ነበር። ነውረኛነት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈልግም።

ሌላው ዓይነት፣ ነውር የማያውቀው፣ የሚገኘው የቀበሌና የከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው የከተማ አስተዳደር) ሥራ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን የተገደለ ልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የሄዱ ቤተሰቦች የጥይት ዋጋ ይጠየቁ ነበር። ነገሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ዋጋ የተመነ፣ ገንዘቡን የተቀበለ፣ የቆጠረ ሰው አለ። ያ ሰው የግድ በጥላቻ የተቃጠለ ላይሆን ይችላል። ሒሳብ ነው የዘጋው።

ደርግ ወረቀት ወዳጅ ነበር፤ ከውድቀቱ በኋላ ባለሥልጣናቱን የከሰሰው ልዩ ዐቃቤ ሕግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሰብስቦ ለችሎት አቅርቧል። በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው በንጉሡ ዘመን በወጣው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ነው፤ ይህ አንቀጽ፣ ከዓለም አቀፉ የዘር ማጥፋት ስምምነት በተለየ፣ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቅ ነበር። ሔግ ያለ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤትም በ2010 ዓ.ም. በጎጃም የደርግ ተወካይ በነበረው በእሸቱ ዓለሙ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዷል፤ ከክሶቹ አንዱ እዚያው የ75 እስረኞች ግድያ ነበር። በሔጉ ችሎትም ስለ ሰነድና ስለ ፊርማ ተከራክረዋል። ነውረኛው ማስረጃ ያጠፋል፤ ነውር የማያውቀው ግን መዝገብ ቤት ያስቀምጥልሃል።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴም አንድ ሰው፣ ሁለቱንም ሊሆን እንደሚችል ግን አትርሱ። ስም ዝርዝሩን ቀን በማኅተም ያጸደቀው ክፍል ሬሳውን ሌሊት በጅምላ ጉድጓድ ያስቀብራል። አጥንቶቹ የተቀመጡበት ክፍል የሚያሳየው ይህንን መደበቅ ነው፤ ስለዚህ ከሰነዶቹ በኋላ ይታይ።

ቅሬታችን፦ የግርፋቱ ማሳያ ዓይን ይስባል፣ ወረቀቱ ግን ያለ ማብራሪያ ዝም ይላል። ጎብኚው «አውሬዎች ነበሩ» ብሎ ይወጣል፤ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ሳያያቸው። ያለ አስጎብኚ አትግቡ። ከአስጎብኚዎቹ መካከል በዘመኑ ታስረው የተረፉ ነበሩና፣ «ማን ገረፈ» ብቻ ሳይሆን «ማን ፈረመ፣ ለማንስ ሪፖርት አደረገ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጉብኝቱ ይለወጣል። ሁለት ሰዓት ያዙለት። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ፎቶዎቹ ጋ ጨርሱና አጥንቱን ዝለሉት።