በቱሉ ዲምቱ የሚሰጠው የባዮሎጂ ማጠናከሪያ ትምህርት፦ የክሮሞዞሞች ጥምረት ክፍል ሲገመገም

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የባዮሎጂ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ቤት አለ፤ ከታናሽ እህቴ ጋር ሆኜ የተከታተልሁት ስለ ሚዮሲስ (የዘር ሴሎች ስለሚፈጠሩበት የሴል ክፍፍል) የሚሰጠውን ክፍል በመሆኑ ግምገማዬም በእርሱ ላይ የተወሰነ ነው።

ብዙውን ጊዜ በክፍል ውስጥ «ሆሞሎገስ ክሮሞዞሞች (ከእናትና ከአባት የመጡት አቻዎች) ይጣመራሉ» ተብሎ ይታለፋል፤ በምን እንደሚተዋወቁና ጥምረታቸው በምን ቁጥጥር ሥር እንደሆነ አይነገርም። የዚህ ቤት መምህር ግን ሰፊውን ጊዜ የሰጡት ለዚሁ ጥያቄ ነው። በአጥቢ እንስሳት ስፖ11 የተባለው ፕሮቲን ዲኤንኤውን በብዙ ቦታ እንደሚቆርጥ፣ ራድ51 እና ዲኤምሲ1 የተባሉት ፕሮቲኖች የተቆረጠውን ጫፍ ይዘው በአቻው ክሮሞዞም ላይ ተመሳሳዩን ቅደም ተከተል እንደሚፈልጉ፣ በመጨረሻም በ1956 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መታየቱ የተገለጸው ሲናፕቶኔማል ኮምፕሌክስ የተባለው የፕሮቲን መዋቅር ሁለቱን እንደ ዚፕ ከዳር እስከ ዳር እንደሚያያይዛቸው በሰሌዳ ላይ እየሣሉ አስረዱ።

ከሁሉ ይበልጥ ያረካኝ ስለ ቁጥጥሩ የሰጡት ማብራሪያ ነው። ሆርማድ1 የተባለው ፕሮቲን ባልተጣመረ ክሮሞዞም ላይ ተሰብስቦ ይቆያል፤ ጥምረቱ ሲፈጸም ትሪፕ13 የተባለው ፕሮቲን ከቦታው ያነሣዋል፤ ሳይነሣ በቆየበት ሁሉ ሴሉ ሥራው እንዳላለቀ የሚያመለክት መልእክት ይደርሰዋል። ይህን የተረዳ ተማሪ፣ ጥምረቱ በተስተጓጎለበት ወንድ አይጥ የዘር ሴሎቹ በፓኪቲን (ጥምረቱ ተጠናቆ መገኘት በሚገባው የሚዮሲስ) ደረጃ ላይ ለምን እንደሚሞቱ ራሱ አስቦ ይደርስበታል እንጂ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ጉድለትም አለው። ሀንድአውቱ በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ የተባዛ በመሆኑ ከእናትና ከአባት የመጡትን ክሮሞዞሞች በቀለም የሚለየው ሥዕል ሁሉ ግራጫ ሆኗል፤ ትምህርቱ ራሱ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ስለሆነ ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስንዴ ጨርሶ አለመነሣቱም ያሳዝናል። የዳቦ ስንዴ ከሦስት የዱር ዝርያዎች የወረሳቸው 42 ክሮሞዞሞች እንዳይደባለቁ፣ በ5ቢ ክሮሞዞም ላይ ያለውና ከ1958 ጀምሮ የሚታወቀው ፒኤች1 የተባለው ጂን እያንዳንዱን ከትክክለኛ አቻው ጋር እንዲጣመር ያደርጋል። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ቢሾፍቱ የዱረም ስንዴ ምርምር እየተካሄደ ሳለ፣ ለተማሪው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ጀኔቲክስ ለሚወስድ ተማሪ ክፍሉን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ይዞ ይሂድ።