ባለ56 እንቁላል የጫጩት መፈልፈያ ማሽን፦ የሚመሰገንበትና የሚያሳስትበት

ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው፣ ክዳኑ ግልጽ ፕላስቲክ የሆነውና በመብራትም በ12 ቮልት ባትሪም የሚሠራው ማሽን ከሁሉ የሚመሰገነው በማገላበጡ ነው። ትሪው በየሁለት ሰዓቱ ያዘነብላል። እንቁላል ሳይገላበጥ ከቆየ አስኳሉ ወደ ላይ ይንሳፈፍና ሽሉ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይሞታል። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ትንሽ ስለሆነ ትሪው ላይ ይላወሳል፤ ጎን ለጎኑ የታጠፈ ካርቶን ሸጉጡለት።

ችግሩ ሙቀቱ ላይ ነው። ፋን ላለው ማሽን የሚፈለገው 37.5 ዲግሪ ሲሆን የማሽኑ ማሳያ በአንድ ዲግሪ ሊያሳስት ይችላል። ሙቀቱ ከበዛ ጫጩቱ እምብርቱ ሳይዘጋ ቀድሞ ይወጣል፤ ካነሰ ከ21 ቀን አልፎ፣ ዝሎ ይወጣል። እንቁላል ከማስገባታችሁ በፊት በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ማሽኑ ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ወዲያው ከፍታችሁ በትኩሳት መለኪያ ለኩት። ቴርሞሜትርን በሚፈላ ውሃ መፈተሽ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ከፍታው እርጥበቱንም ይነካል። አየሩ ስስ በመሆኑ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ያመልጣል። እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ ይበቃል የሚባለውን ያዙ፤ ፍርዱን ግን ለሚዛን ስጡ። 60 ግራም የነበረ እንቁላል በ18ኛው ቀን 7 ግራም ያህል መቅለል አለበት። ብዙ ከቀለለ ውሃ ጨምሩ። ኦክስጅንም አነስተኛ ስለሆነ የአየር መግቢያውን አትድፈኑት።

«ማሽኑ አልፈለፈለም» ከሚባለው ቅሬታ ብዙው የእንቁላሉ ጥፋት ነው። ከሱቅ የሚገዛው የእርባታ እንቁላል አውራ ዶሮ ካላየች ዶሮ የመጣ ስለሆነ ምንም ቢሞቅ ጫጩት አይሆንም። ለአሥር ሴት አንድ አውራ ካለበት መንጋ፣ ከተጣለ ከሰባት ቀን ያልበለጠውን ውሰዱ። (ዶሮዋ የአውራውን ዘር በሰውነቷ ስለምታከማች፣ አውራው ከተለየ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የዳበረ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።) በሰባተኛው ቀን ጨለማ ውስጥ በስልክ መብራት እዩት፦ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ካለ ሕያው ነው፤ ጥርት ካለ አልዳበረም፤ የደም ቀለበት ከታየ ሽሉ ሞቷል።

በ18ኛው ቀን ትሪውን አውጡ፣ ውሃውን ጨምራችሁ እርጥበቱን ከ65 በመቶ በላይ አድርሱ፣ ከዚያ በኋላ አትክፈቱ። ግልጹ ክዳን ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑ ሲነሳ እርጥበቱ ያመልጥና ሽፋኑ ደርቆ ጫጩቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቅርፊቱን ከነደለ በኋላ አንድ ቀን ሊያርፍ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የቀረውን አስኳልና ደም ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። ልርዳው ብሎ የላጠ ሰው ያደማዋል። አስኳሉ ለሁለት ቀን ስለሚመግበው እዚያው እስኪደርቅ ተዉት።

የማሽኑ ትልቁ ጉድለት ጽዳቱ ነው። የውሃ ቦዩ ጠባብ ስለሆነ የላባና የቅርፊት ብናኝ ይሸጎጥበታል፤ በጥርስ ብሩሽ ካልተፋቀ የበሰበሰው ቆሻሻ ቀጣዩን ዙር ይበክላል።