ለኮፒ ቤት የማይሆን አዲስ ላፕቶፕ፦ ፍላሽ መሰኪያ የለውም

ደብረ ማርቆስ ባለችው የጽሕፈትና ኮፒ ቤታችን አዲስ ላፕቶፕ ገብቷል። ወንድሜ ነው ከአዲስ አበባ ገዝቶ የላከልኝ። «እንዴት ነው፣ እኔም ልግዛው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው። የኩባንያውን ስም እተወዋለሁ፤ ብዙዎቹ አሁን እንደዚህ እየሠሩ ነው።

ጥሩውን ላስቀድም። ፈጣን ነው። ስክሪኑ ዓይን አያደክምም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ረጅም ሰዓት ያሠራል፤ የእኛን ከተማ መብራት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቻርጀሩ ታይፕ ሲ የሚባለው ትንሹ ሞላላ የዩኤስቢ መሰኪያ ስለሆነ ጠንከር ባለ ፓወር ባንክ ሳይቀር ይሞላል። ገልብጠህም አቃንተህም ብትሰካው ይገባል። ታይፕ ሲን አልጠላሁትም።

የጠላሁት ሌላውን ማንሳታቸውን ነው። በግራ በኩል ሁለት ታይፕ ሲ፣ በቀኝ የኢርፎን ቀዳዳ፣ አለቀ። ያ ሁላችንም ፍላሽ የምንሰካበት ሰፊው ዩኤስቢ የለም።

እኛ ጋ ሥራ የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ከጎዛምን ገጠር የመጡ አባት፣ ልጃቸው የጻፈላቸውን ማመልከቻ ለማተም ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልለው ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ። የባጃጅ ሹፌር መዝሙር ሊያስጭን ይመጣል፣ የባጃጁ ቴፕ ደግሞ የሚያውቀው ያንኑ ሰፊውን ነው። ፕሪንተሩ፣ ስካነሩ፣ የማውዙ መቀበያ፣ የኢንተርኔት ዶንግሉ፣ ሁሉም ጫፋቸው አንድ ዓይነት ነው። «በቴሌግራም ላኩት» ማለት ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲኖር። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ከፍላሽ ሌላ መንገድ የለም።

«ሃብ ግዛ» ይሉሃል፤ አንዱን ቀዳዳ ብዙ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ገዛሁ። ከሁለቱ ታይፕ ሲ አንዱን ቻርጀሩ ይይዘዋል፣ ሌላውን ሃቡ። ስለዚህ የቤቱ ሥራ በሙሉ በአንዲት ቀጭን ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። የፕሪንተሩ ኬብል ወፍራም ነው፣ ሃቡን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ይጎትተዋል። ሰው ክርኑን ሲያስደግፍ ትንሽ ይነቃነቅና ዊንዶውስ ያቺን የመንቀል ድምፁን ያሰማል፤ ፕሪንተሩም ፍላሹም አብረው ይጠፋሉ።

አንዲት ተመራቂ ተማሪ የማስረከቢያዋ ዋዜማ ላይ መጣች። ፋይሉን ፍላሹ ላይ እንዳለ ከፍተን ማርጂኑን አስተካከልን። ሴቭ ሲያደርግ ሃቡ ተነቃነቀ። መልሰን ስንከፍተው ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ የለኝም እኮ» አለችና ዝም አለች። ኢሜይሏ ውስጥ ለአማካሪዋ የላከችው አሮጌ ቅጂ ተገኘ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አልነበረበትም። እሷ ከማስታወሻዋ እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ፣ አመሸን። እኔን ያበሳጨኝ የእሷ ፊት ነው። ላፕቶፑ ጎን ላይ አንዲት ቀዳዳ ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሌላው ማውዙ ነው። ገመድ አልባው ማውዝ እየተንቀጠቀጠ፣ እየቆመ አስቸገረኝ። ባትሪ ብቀይርም ያው ነው። ነገሩ ሌላ ነው፦ ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት፣ ዩኤስቢ 3፣ ሲሠራ የሚያወጣው የራዲዮ ረብሻ ብዙ ገመድ አልባ ማውዞች የሚጠቀሙበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይነካል። የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፏል። በድሮው ላፕቶፕ መቀበያውን በቀኝ፣ ፍላሹን በግራ ሰክተህ ትገላገላለህ። ሃብ ላይ ግን ሁሉም ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት፣ የት ታርቀዋለህ?

ሻጮቹን ብትጠይቅ «እንዲቀጥን ነው» ይላሉ። የሰፊው ዩኤስቢ ጫፍ ቁመቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሌኖቮ ላፕቶፕ የሆነው ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበን 15 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ክብደቱም ከ1 ኪሎ ብዙም ሳያልፍ፣ ሁለት ሰፊ ዩኤስቢ ይዟል። ስለዚህ ይቻላል። «የአውሮፓ ሕግ ነው» የሚልም አለ። ያ ሕግ ለላፕቶፕ ከሚያዝያ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠይቀው በታይፕ ሲ እንዲሞላ ነው፤ ሌላውን አንሱ አይልም። አፕል እንኳ በ2016 እ.ኤ.አ. ማክቡክ ፕሮ በሚባለው ላፕቶፑ ላይ ከኢርፎኑ በቀር ሁሉንም በታይፕ ሲ ከተካ በኋላ፣ ደንበኛው ሲያማርር ከርሞ በ2021 እ.ኤ.አ. የውጭ ስክሪን የሚያያዝበትን ኤችዲኤምአይንና የሚሞሪ ካርዱን መሰኪያ መልሷል። ሰፊውን ዩኤስቢ ግን አልመለሰም።

እንግዲህ ልግዛው ወይ ለሚለኝ፦ ብቻህን የምትሠራ ከሆነ፣ ፋይልህም በኢንተርኔት የሚመላለስ ከሆነ፣ ግዛው፣ ጥሩ ማሽን ነው። ሰው ፍላሽ ይዞ የሚመጣበት ቤት ካለህ ግን ተወው። በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ብትፈልግ ይሻልሃል። የ2018 እ.ኤ.አ. ማሽን ነው፣ ፍጥነቱ አዲሱን አያክልም፤ ግን ሁለት ሰፊ ዩኤስቢ፣ ኤችዲኤምአይ፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያና የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ጎኑ ላይ አለው፣ በዚያ ላይ ታይፕ ሲም አለው። ስትገዛ ባትሪውን ፈትሽ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳም ፍላሽ ሰክተህ ሞክር።

አዲሱን አስቀድመህ ገዝተህ ከሆነም ያቺን ታይፕ ሲን ወደ ሰፊው ዩኤስቢ የምትቀይር፣ ገመድ የሌላትን ትንሿን አዳፕተር አትግዛ። ፍላሽ ሲሰካባት ትረዝማለች፣ ሲነኳት ቀዳዳውን ታላላለች፣ ታይፕ ሲው ላልቶ ቻርጅ አልቀበልም ካለ ደግሞ ጥገናው ማዘርቦርድ ድረስ ይሄዳል። ረዘም ያለ ገመድ ያለውና በራሱ ቻርጀር ከሶኬት ኃይል የሚወስድ ሃብ ፈልግ። ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጣብቀው። የደንበኛን ፋይል ደግሞ ፍላሹ ላይ እንዳለ አትክፈት፤ መጀመሪያ ዴስክቶፕ ላይ ገልብጠው።