አሳማ ለምታረቡ፦ ይህን የቢሾፍቱ ግንበኛ ጥሩት

ቢሾፍቱ ላይ ከፍግ የምድጃ ጋዝ የሚያወጣ የባዮጋዝ ጉድጓድ የሠራልን ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ! አሳማ ማርባት ድሮም ጎረቤት የሚያስቀይም ሥራ ነው፤ የፍጉ ሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ክሱ ወረዳ ይደርሳል። ዛሬ ጎረቤቶቻችን መስኮት ይከፍታሉ።

ከእሱ በፊት የሠራው ሰው ስሙ ይቅር። ለላም እበት የተለካ ጉድጓድ እንዳለ አምጥቶ ገነባ። የበረቱ ማጠቢያ፣ የጣራው ዝናብ፣ በረኪናው ሳይቀር በአንድ ቦይ ይገባ ነበር። ያልተብላላ ፍግ በመውጫው ይፈሳል፣ ምድጃው ይጠፋል። ገንዘቡን ከተቀበለ ወዲያ ስልክም አላነሳ።

ወንድማችን ግን ዶማ ሳያነሳ አሳማ ቆጠረ፣ ውሃ ለካ። የሚደልብ አሳማ ፍግና ሽንቱ በቀን 4 ሊትር ገደማ ነው። 20 አሳማ 80 ሊትር፣ እኩል ውሃ ሲጨመር 160። 50 ቀን እንዲብላላ 8 ሜትር ኩብ፣ ለጋዙ ቦታ ሲታከል 10። በጎማ በቀን 300 ሊትር ውሃ ከተለቀቀበት ያው ፍግ ከ21 ቀን በላይ አይቆይም፤ ጥሬውን ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በአካፋ መጥረግ፣ ከዚያ ማጠብ። የዝናቡን ቦይ ለየው። በረኪና የነካውን ውሃም ወደ ሌላ አዞረ፤ የሚያብላላውን ባክቴሪያ ይገድላልና። ማስጀመሪያው የላም እበት ነው፤ የአሳማ ፍግ ናይትሮጂን ስለሚበዛበት ብቻውን ሲጀመር ከናይትሮጂኑ የሚወጣው አሞኒያ ባክቴሪያውን ያውከዋል። የመጀመሪያው ጋዝ አልነድ ሲል «ልቀቁት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» አለ። ቆይቶ ሰማያዊ ነበልባል ሰጠ።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግነው አሮጌው ጉድጓድ በተከፈተበት ቀን ላደረገው ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ባልዲ ይዞ ሊወርድ ሲል እጁን ይዞ መለሰው። ፍግ ሲበጠበጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰውም ሽታው ጠፋ ብሎ ወርዶ ይወድቃል። ሊያወጣው የሚወርደውም አብሮት ይቀራል። ማንም ሳይገባ፣ ከላይ ሆኖ በፓምፕ አስቀዳው። ለዚህ ብቻ እንኳ ዕድሜ ይስጥልን!

የሚወጣውን ዝቃጭ ከገለባ ጋር ከምራችሁ አብስሉት፤ የወስፋት እንቁላል ጉድጓድ ውስጥ ሁሉም አይሞትምና ለሰላጣ በቀጥታ አይሆንም።

ጥሩት፣ አትጸጸቱም! ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀ እሰጣለሁ። በበጋ አስይዙት፤ በክረምት የተቆፈረው ውሃ ይሞላል፣ ግድግዳውም ይናዳል።