ለሱባሩ ኤስቲአይ የትኛው ፍሬን ሸራ ይሻላል? ሴራሚክ፣ ዲኤስ 2500፣ ኤችፒ ፕላስ ወይስ ዲቲሲ-60

ፍሬን ሸራ ያለቀበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ጠይቄ ነው የተሳሳትኩት። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። መኪናዬ የ2015 ሱባሩ ኤስቲአይ ነች። ሥራ የምሄድባትም፣ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርስባትም እሷ ነች። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ ይዣት እሄዳለሁ።

አንድ ዓመት ከሜዳ ስመለስ የውድድሩን ሸራ ሳልፈታ ተውኩት። ጥር ላይ፣ በረዷማ ጠዋት፣ ከቤት ወጥቼ የመጀመሪያው የማቆሚያ ምልክት ጋ ስደርስ ፍሬን ረገጥኩ። እንጨት የረገጥኩ ያህል ነበር። መኪናዋ መስመሩን አልፋ መሀል መንገድ ገብታ ቆመች። ደግነቱ የሚመጣ መኪና አልነበረም። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሸራው አልተበላሸም ነበር፤ ቀዝቅዞ ነው እንጂ። ስለዚህ አሁን የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ሸራህ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?» ብዬ ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ቀላል ሒሳብ ነው። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትቆም 580 ኪሎ ጁል ገደማ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ከ200 ከሆነ አራት እጥፍ ነው። ከተማ ውስጥ ዲስኩ (ሸራው የሚጨብጠው ክብ ብረት) በመሀል የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ያገኛል። ሰሚት ፖይንት ላይ ግን ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው መታጠፊያ በየዙሩ ፍሬን አጥብቆ ያስረግጣል።

ወደ ሸራዎቹ ልምጣ። ሴራሚኩን፣ ለምሳሌ ኢቢሲ የተባለውን የፍሬን ሸራ አምራች ሬድስታፍ፣ ሜዳ ለማይሄድ ሰው ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ። አይጮህም፣ ብናኙ ትንሽ ነው፣ ቸርኬው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ ጠዋት ገና ሳይሞቅም ይይዛል። ለሜዳ ግን አይሆንም፤ ሲግል መያዙ ይቀንሳል። ከፋብሪካ የመጣው ሸራም ለመንገድ ጥሩ ነው። እኔ ጋ ግን ሜዳ ላይ ከጥቂት ዙር በላይ አልቆየም።

ፌሮዶ የተባለው አምራች የሚሠራው ዲኤስ 2500 ከአራቱ በጣም የምወደው ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው የሥራ ሙቀት ከ20 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ይይዛል፣ ተራራ ላይም ይይዛል። የበለጠ የሚያስደስተኝ ግን ፔዳሉ ሲረገጥ ያለው ስሜት ነው፤ ትንሽ ስትጫን ትንሽ፣ ብዙ ስትጫን ብዙ ይይዛል፣ ድንገት አይነክስም። ዋጋው ከኤችፒ ፕላስ ከፍ ይላል። አልፎ አልፎ ያፏጫል። ሜዳ ላይ ለጀማሪ ይበቃል፣ ልምድ ያለውና ጥሩ ጎማ ያሰረ ሰው ግን ያሸንፈዋል።

ሆክ የተባለው አምራች የሚሠራው ኤችፒ ፕላስ ርካሽ ነው፣ ገና ስትነካው ይነክሳል፣ እስከ 425 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ችግሩ ጩኸቱ ነው። መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ጎረቤት ያለው ሹፌር ዞሮ ያየኛል። ብናኙም ብዙ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው አልመክረውም።

ዲቲሲ-60 የውድድር ሸራ ነው። የሥራ ሙቀቱ የሚጀምረው ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሆን ከ800 ያልፋል። ሜዳ ላይ ስትረግጠው መኪናዋ መሬት ውስጥ የምትገባ ይመስልሃል፤ ሃያኛው ዙር ላይም ያው ነው። መንገድ ላይ ግን አደገኛ ነው፣ ከላይ የነገርኳችሁ እሱን ነው። ብናኙ ውስጥ ብረት ስላለ ውኃ ከነካው ቸርኬው ላይ ዝጎ ይጣበቃል። ዝናብ ሳይመጣ ማጠብ ያስፈልጋል።

«ታዲያ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሸራ የለም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በዓመት አንዴ ሜዳ ለሚሄድ ዲኤስ 2500 ይሆነዋል። ከዚያ በላይ ለሚሄድ ሁለት ሙሉ ሸራ መያዝ ይሻላል፤ አንዱ የመንገድ፣ አንዱ የሜዳ። የኤስቲአይ ብሬምቦ ካሊፐር (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ለዚህ የተመቸ ነው። ሁለት ፒን አውጥቶ ሸራውን ከላይ መሳብ ነው፣ ካሊፐሩ አይፈታም። ክሪክና መዶሻ ካለ ለፊቱ ብቻ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሸራው ሲቀየር ግን ዲስኩ ላይ የተጣበቀው የቀድሞው ሸራ ቅሪት በብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፤ ያለዚያ አዲሱ ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ባዶ መንገድ ፈልጎ ከ100 ወደ 20 ስምንት አሥር ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ እየቀነሱ አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ማላመድ ነው።

ሲገዙ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ2004 እስከ 2017 የተሠሩት የኤስቲአይ የፊት ሸራ ከሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ጋር አንድ ቅርጽ ነው። በአንዱ ስም ካጡት በሌላው ይፈልጉት። ከ2018 ጀምሮ ግን ካሊፐሩ ስድስት ፒስተን ሆኗል፣ ሸራውም ይለያል።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ሶማሌ ተራ ሸራ ሊገዛ ሲሄድ ይደውልልኛል። ሳጥኑን ትተህ ሸራው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ሁለት ፊደል አንብብ እለዋለሁ። የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ግሎ ያለውን የመያዝ አቅም ይናገራል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» እስከ 0.45፣ «ጂ» እስከ 0.55 ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ ሲግል ይከዳል ማለት ነው። ይህ ለእሱ ከእኔ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 1,000 ሜትሩን ብቻ ብንወስድ፣ ያቺው 1,500 ኪሎ መኪና በፍሬን ብቻ ብትወርድ፣ ከ100 ወደ ዜሮ 25 ጊዜ ያህል እንደመቆም ነው። ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ የግድ ነው፣ የቱንም ሸራ ያስር።

የፍሬን ዘይቱንም አትርሱ። ዘይቱ ከፈላ የትኛውም ሸራ አይረዳም፣ ፔዳሉ መሬት ድረስ ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ እያለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ እርጥበት ሲስብ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። እኔ ከእያንዳንዱ የሜዳ ወቅት በፊት እቀይረዋለሁ። ሸራው ደግሞ ከግማሽ በታች ከሳሳ ሜዳ አልወስደውም፤ ሲሳሳ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ዘይቱ ያሳልፋል። ለመንገድ ግን 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀረው እጠቀምበታለሁ።