ቢድቦርድ ኮርኒስ፣ ከ16 ወር በኋላ

መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም። እንግዳ ነው። ያውም በገና ዕለት፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ አንድ የባለቤቴ ዘመድ ቀና ብሎ «ይሄ መስመር ዲዛይኑ ነው?» አለ። ሁላችንም ቀና አልን። በነጩ ኮርኒሴ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቢጫ መስመር፣ ከሱ ጎን ሌላ ቢጫ መስመር፣ ከዚያም ሌላ። ባለመስመር ደብተር ይመስላል።

«አዎ፣ ዲዛይኑ ነው» አልኩ። ዋሸሁ። በበዓል ቀን።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ቤቱ በ1974 የተሠራ ነው፤ ስንገዛው ኮርኒሱ እዚህ አገር ፖፕኮርን የሚሉት ዓይነት ነበር። ፈንዲሻ ማለት ነው፣ ስሙም መልኩም። አቧራ ይይዛል፣ የሸረሪት ድር ይይዛል፣ የልጆች ፊኛ ያፈነዳል። ባለቤቴ ገና ስንገባ «ይሄ ነገር ከራሴ በላይ እያለ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላ ነበር። ለአራት ዓመት ግን ወሰዳት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፦ ቤታችሁ ያረጀ ከሆነ ፈንዲሻውን ዝም ብላችሁ እንዳትፍቁት። አዝቤስቶስ የሚሉት፣ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ ሊኖርበት ይችላል። መንግሥት እንዲህ ላለ ጌጥ አዝቤስቶስ መርጨትን የከለከለው በ1978 ነው፣ የኛ ቤት ደግሞ ከዚያ በፊት የተሠራ። ናሙና ላብራቶሪ ልኬ ነፃ ነው አሉኝ። ያም ሆኖ መፋቁን ሳስበው ደከመኝና እላዩ ላይ ላለብሰው ወሰንኩ። ቢድቦርድ የመጣው በዚህ ነው።

ቢድቦርድ ለማታውቁት፦ ቀጫጭን ጣውላ ነው፣ ጎን ለጎን ወንዴና ሴቴ ሆኖ የሚገጣጠም (የአንዱ ጠርዝ ምላስ ወንዴው ነው፣ ምላሱ የሚገባበት የሌላው ቦይ ሴቴው)፣ ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ክብ ያለች ሸንተረር የተቀረጸበት። ስሙም የመጣው ከዚያችው ዶቃ ነው። እዚህ አገር የድሮ ቤት በረንዳ ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ታዩታላችሁ። ወደ ሳውዝ ካሮላይናና ጆርጂያ ወረድ ካላችሁ ደግሞ የበረንዳውን ኮርኒስ ውሃ ሰማያዊ ይቀቡታል፤ ጉላ ጊቺ በሚባሉት፣ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች ዘንድ ቀለሙ ክፉ መንፈስ ያርቃል ይባላል። እኛ ነጭ ቀባነው። ለመንፈሱ ዕጣን አለን ብለን።

እንግዲህ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው እውነተኛ እንጨት ነው፣ ፓይን የሚሉት ጥድ፣ አንድ በአንድ የሚመታ። ሁለተኛው ኤምዲኤፍ ነው፣ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨቁኖ አራት በስምንት ጫማ ሰሌዳ የሆነ፣ ሸንተረሩ በማሽን የወጣለት። ሦስተኛው ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ። ኤምዲኤፉን በጣቴ መታ መታ አድርጌ ናቅሁት። ካርቶን መሰለኝ። «እኔ ቤቴ ውስጥ የእንጨት ዱቄት አልሰቅልም» አልኩ ለባለቤቴ። ሻጩም ወዲያው የኔ ወገን ሆነ። ጥዱ እውነተኛ እንጨት ነው፣ ዕድሜ ልክህን ይኖራል፣ የልጅ ልጆችህ ያዩታል አለኝ። ልጆቼ አንደኛ ክፍል ናቸው።

ኦገስት ነበር። የሜሪላንድን ኦገስት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ስትወጡ እርጥብ ፎጣ ፊታችሁ ላይ የተጣለ ነው የሚመስለው። ጣውላውን ቅዳሜ ጠዋት አመጣን፣ ከሰዓት መምታት ጀመርን። 12 በ14 ጫማ ክፍል፣ 46 ጣውላ። እሑድ ማታ አለቀ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተቀባ። ያማረ ነገር ነበር፣ አልዋሽም። ሰው እየጠራሁ አሳየሁ። ፎቶውን አዲስ አበባ ለእማዬ ላክሁላት። «ቤተ ክርስቲያን አስመሰልከው» አለችኝ። ለእማዬ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

ከዚያ ብርዱ መጣ፣ ማሞቂያው ተከፈተ፣ ገና ደረሰ። ቀሪውን ነገርኳችሁ።

በነጋታው መሰላል ላይ ወጥቼ አየሁት። ጣውላዎቹ ጠበዋል። በሁለቱ መሐል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ተከፍቷል፣ በተከፈተበት ደግሞ ወንዴው ይታያል፤ ቀለም ያልነካው ጥሬ እንጨት፣ ቢጫ። ሲመታ ሴቴው ውስጥ ተደብቆ ስለነበር ብሩሽ አልደረሰበትም። አንድ ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። 46 ጣውላ ማለት 45 መጋጠሚያ ነው። ቢደመር አራት ሴንቲ ተኩል እንጨት በአራት ወር ውስጥ ከቤቴ ጠፍቷል።

ከሻጩ ጋር መጨቃጨቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። በሐሳቤ። መኪና ስነዳ፣ ሰሃን ሳጥብ።

«እንደሚጠብ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንጨት እኮ ነው ወንድሜ።»

«እንጨት መሆኑንማ አንተ ነህ ደጋግመህ የነገርከኝ!»

«ኤምዲኤፉን ባሳይህ ካርቶን ነው አላልክም?»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል። ብያለሁ።

የባለቤቴ ወንድም መጣ። እሱ ለሁሉም ነገር መፍትሔ አለው፣ መፍትሔውም ሁልጊዜ በቱቦ ይመጣል። ነጩን መሙያ ይዞ ወጣና ሦስት መስመር ሞላ። ልክ እንደ አዲስ ሆነ። «አየህ? አምስት ዶላር» አለኝ። የቀረውን በሳምንቱ ሊጨርስ ተቀጣጠርን።

ተመስገን፣ ከዚያ በፊት አንድ ጋሼ ለጥምቀት ቤታችን መጡ። በጉልምስናቸው አዲስ አበባ አናጢ የነበሩ ሰው ናቸው። ቡናው እስኪፈላ ኮርኒሱን ዝም ብለው አዩት።

«እንጨቱን መቼ አመጣኸው?»

«ቅዳሜ።»

«መቼ መታኸው?»

«ቅዳሜ ነው ጋሼ፣ ያኑ ዕለት።»

«በየትኛው ወር?»

«ኦገስት።»

ሳቁ። «አንተ ቋንጣ ሰቅለህ አታውቅም? እርጥቡን ሰቅለህ ደረቁን አወረድክ፣ ይኸው ነው።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላገኘሁም። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል። ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲሰጥ ይጠባል። ርዝመቱ ያን ያህል አይለወጥም፣ ጎኑ ነው የሚለወጠው። እኔ የመታሁት የኦገስትን ውሃ ጠጥቶ የሰፋውን ነው፤ ያንን አጥብቄ አጋጠምኩት፣ ላዩን ቀባሁት፣ ከዚያ ማሞቂያው አደረቀው። በ12 ዶላር የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጃንዋሪ ላይ 22 በመቶ አለ። ጁላይ ላይ 58። በዚያው ክፍል፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ። ከንፈራችን ለምን እንደሚደርቅም ያኔ ገባኝ።

መሙያውንስ ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ለሐምሌ ጠብቅ» አሉኝ።

ጠበቅሁ። ጁላይ ላይ እንጨቱ መልሶ ሲሰፋ የባለቤቴ ወንድም የሞላቸው ሦስት መስመሮች መሙያውን ተፉት። እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ ወደ ታች ተንጠለጠለ። በእጄ ቆረጥኩት። ሌሎቹ መስመሮች ግን በራሳቸው ጊዜ ድርግም ብለው ተዘጉ። ሁሉም እንደዚያ ተሞልቶ ቢሆን እንጨቱ የሚሄድበት አጥቶ ይጎብጥ ነበር፣ ወይም ሚስማሩን ይነቅል ነበር። ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተጻፉ መመሪያዎችም ይኸንኑ ይላሉ። እኔ ያነበብኳቸው በኋላ ነው፣ እንደ ሁሉም ሰው።

ትክክለኛው ሥራ ሌላ ነው። መስመሩን መሙላት ሳይሆን ጥሬውን ወንዴ መቀባት። ያውም ክፍተቱ በጣም ሰፍቶ በሚታይበት በደረቁ ወር። ይህንን ያደረግሁት ከዚያ ጁላይ በፊት ነው፤ ፌብሩዋሪ ላይ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሥሉባትን ዓይነት ቀጭን ብሩሽ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። ቀለሙ ስስ መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ሁለቱን ጣውላ ያጣብቃቸውና ቀጥሎ ሲጠቡ ከማይሆን ቦታ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባችሁ ታውቃላችሁ፣ ኮርኒሱ በሙሉ መልአክ ነው፣ ሁሉም ዓይኑን አፍጦ ወደ ታች ያያል። ልጅ ሆኜ ሳየው የገረመኝ ዓይናቸው ነበር። አሁን የሚገርመኝ የሠዓሊው አንገት ነው። እኔ መልአክ አልሣልኩ፣ መስመር ብቻ ነው የቀባሁ፣ ማርች እስኪገባ ወደ ግራ መዞር አልቻልኩም።

ይህ ሁሉ በሁለት ነገር ይቀር ነበር። አንደኛ፣ ጣውላው ከመመታቱ በፊት ማሸጊያው ተፈቶ፣ በየመሐሉ አየር እንዲገባ ተደርጎ፣ በሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ቢተኛ። ጋራዥ አይቆጠርም። ከተቻለ ደግሞ ማሞቂያው በሚሠራበት ወር። ሁለተኛ፣ ጣውላው መሬት ላይ እያለ ወንዴው ቢቀባ። ያኔ ቢጠብ እንኳ የሚታየው ነጭ በነጭ ነው። መሬት ላይ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮርኒስ ላይ ሦስት ሳምንት ነው፣ ሲደመር የአንገት ሐኪም።

አየሩንም ማስተካከል ይቻላል። ኢፒኤ የሚባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የቤት ውስጥ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል ይላል። እርጥበት የሚተፋ ማሽን ገዝቼ ዘንድሮ 35 ላይ ይዤዋለሁ። ከዚያ በላይ ሳደርገው መስኮቱ ማላብ ይጀምራል፣ ተውኩት። መስመሩ አልጠፋም፣ ግን ከአምናው ቀጥኗል።

ሌላው ሌላው ደህና ነው። ቡና ሲቆላ ጭሱ ሸንተረሩ ውስጥ ይገባል ብለው ያስፈራሩኝ ነበር፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በቫኪዩም ለስላሳ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ ከዚያ ሳሙና በነካ ጨርቅ። ትንሽ የሚያብለጨልጭ ቀለም ስለቀባሁ ይለቃል። ጥድ ጉጥ አለው፣ ጉጡ በነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ሼላክ የሚሉት ሙጫ ያለበት ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው፣ መጀመሪያ ከተቀባ አይወጣም፣ የኔም አልወጣ። ይህን የነገረኝ ያው ሻጩ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልጣላውም። መታጠቢያ ቤቱን በፒቪሲ ሠራሁት። ስለሱ የምለው የለኝም። ኮርኒስ ነው፣ እላይ ነው።

ኤምዲኤፍስ? እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ለዚህ ክፍል ኤምዲኤፍ ይሻል ነበር። ሰሌዳው ሰፊ ነው፣ ከ45 መጋጠሚያ ይልቅ ጥቂት ነው ያለው፣ እንደ ጣውላም በየወቅቱ አይጠብም አይሰፋም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ውሃ ካገኘው ግን ጠርዙ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ አይመለስም፤ አንድ ጓደኛዬ መታጠቢያ ቤት ላይ ሰቅሎት አይቻለሁ። ይሄንን ሁሉ እያወቅሁ ዛሬ ሱቅ ብትወስዱኝ ምን እንደምገዛ ታውቃላችሁ? ጥድ። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አልችልም። ማታ መብራቱ ከጎን ሲመታው ሸንተረሯ ትንሽ ጥላ ትጥላለች። ማስረዳት የምችለው እስከዚህ ነው።

እማዬ በፋሲካ መጥታ አየችው። እኔ ስለ መስመሩ ሳማርር «እኛ ቤት እኮ የአቡጀዲ ኮርኒስ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ነፋስ ሲነፍስ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ አይጥ ሲሮጥበት እግሩን መቁጠር ይቻል ነበር፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ የሻይ ቀለም ካርታ ይሣልበት ነበር። ማንም ቀና ብሎ ዲዛይኑ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

አሁን ዲሴምበር ነው። ክፍተቱ ተመልሶ መጥቷል፣ በነጭ ላይ ነጭ ነው፣ እንግዳ አያየውም። ሦስት መስመሮች ብቻ ቢጫ ናቸው፣ አምና በመሙያ የተሞሉት። ብሩሽ ያልነካቸው እነሱ ብቻ ናቸው። እኔ ከምቀመጥበት ሶፋ ፊት ለፊት ናቸው። ጃንዋሪ ላይ እቀባቸዋለሁ፣ የባለቤቴ ወንድም መሰላሉን ይይዝልኛል፣ ቱቦውን እቤቱ ጥሎ ይመጣል።

ባለቤቴ ደግሞ መኝታ ቤቱን አልብሰው ብላለች። 40 ጣውላ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ወንዴው ሁለት ጊዜ ተቀብቶ አልጋው ሥር ተኝቷል። ሌሊት ስነሳ እግሬን ይመታኛል።